ከሄሮን ዳርቻ፤ ስለ ወጣቶች የሸራ መርከብና ስለ ኑሮው

ጂቡቲን ለመጐብኘት የሚመጣ የአገራችን ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ወደቡ ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ ኢትዮጵያ ከውጭ አገር ከምታስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚሁ በር ነውና። ነገር ግን የወደቡን ክሬኖችና ኮንቴይነሮች ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ባሕሩን አየ ለማለት አይቻልም። ባሕሩን ለማየት የሚፈልግ ወደ ሄሮን ቢሄድ ይሻለዋል።

ሄሮን ወደ ባሕር ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ነፋስ የማያጣው የከተማይቱ ሰፈር ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጓሜው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ የሚጠብቅ፣ እግሩና አንገቱ ረጅም የሆነ ወፍ ማለት ነው። ዛሬ ሰፈሩ የኤምባሲዎችና የመልካም መኖሪያ ቤቶች መንደር ሆኗል፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጣቢያም በዚሁ ይገኛል። ባሕሩ ሲጐድል ውኃው ርቆ ይሸሽና እርጥቡ ወለል ይገለጣል፤ ሲሞላ ደግሞ ያ ሁሉ ስፍራ ተመልሶ ይሸፈናል። በስተ ሰሜን የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተዘርግቷል፤ ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ዝቅተኛ ደሴቶችም በዚያው ይገኛሉ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ከባሕር የሚመጣው የምሥራቅ ነፋስ ሰውነትን ያሳርፋል። በአገራችን ደጋ ዝናም በሚዘንብበት ወራት ግን በዚህ ዳርቻ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከየብስ ተነሥቶ አቧራ ይዞ ይመጣል።

በዚህ ዳርቻ ነፋስ የአየር ጠባይ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ የጉዞም ኃይል ነበረ። ሞተር ከመምጣቱ በፊት ሳምቡኮች ከየመን፣ ከዑማንና ከሕንድ ወዲህና ወዲያ የሚመላለሱት የነፋሱን ወራት ጠብቀው ነበር። የሳምቡክ አዛዥ ናኩዳ ይባላል። ከናኩዳው በታች ካሉት መርከበኞች መካከል ገና ጢም ያላወጡ ልጆች ይገኙ ነበር፤ እነርሱም ሩዝ እየቀቀሉ፣ የገባውን ውኃ እየቀዱ ወደ ባሕር እየደፉ፣ ገመድ እየሳቡ ሙያውን ያለ መጽሐፍ ይማሩት ነበር። ዛሬ ሳምቡኮቹ በሞተር ይሄዳሉ፤ ሸራው ከብዙዎቹ ላይ ወርዷል።

ታዲያ በሞተር ዘመን ሸራ ለምን ያስፈልጋል? የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከሄሮን ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በዚህ ጣቢያ የጦር መርከቦቹን የሚያሳርፈው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል በኒውክሌር ኃይል የሚሄዱ መርከቦች አሉት። ሆኖም በ1932 የተሠሩትን ‹ኤትዋል› እና ‹ቤል ፑል› የተባሉ ሁለት የሸራ መርከቦች እስከ ዛሬ ድረስ ለወጣቶች ማስተማሪያ አድርጎ ይዟቸዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዴንማርክ በ1933 የተሠራውን ‹ዳንማርክ›ን፣ ኖርዌይም በ1937 የተሠራውን ‹ክርስቲያን ራዲክ›ን ለዚሁ አገልግሎት ጠብቀዋል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ባሻገር ያለችው ዑማን በ1971 በስኮትላንድ የተሠራ የእንጨት መርከብ በ1977 ገዝታ ‹ሸባብ ዑማን›፣ ማለት ‹የዑማን ወጣቶች›፣ ብላ ሰየመችው፤ እርሱ ሲያረጅም በ2014 ርዝመቱ 87 ሜትር የሆነ ሌላ የሸራ መርከብ በዚያው ስም ተካች። እነዚህ አገሮች ሞተር አጥተው አይደለም። የሞተር መርከብ ቁልፍ ሲነካ ይሄዳል፤ ምክንያቱ ከብረት ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። በሸራ መርከብ ላይ ግን ገመዱ ሲላላ ሸራው ይንቀጠቀጣል፣ ሸራው ሲንቀጠቀጥ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ወጣቱም የሥራውን ውጤት ወዲያውኑ በዓይኑ ያያል። አስተማሪው ባይናገር እንኳ ነፋሱ ያርመዋል።

በእነዚህ መርከቦች ላይ ያለው የዕለት ኑሮ በአገርና በቋንቋ ቢለያይም ሥርዐቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የመርከብ ቀን በማለዳ የሚጀምር አይደለም፤ መርከብ ሌሊትም ይጓዛልና። ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ተረኛ ሆኖ መርከቡን ሲጠብቅ፣ ሁለቱ ይማራሉ፣ ሌላ ሥራ ይሠራሉ ወይም ይተኛሉ። አንድ ተራ አራት ሰዓት ነው።

እንዲህ ከሆነ ሃያ አራቱ ሰዓት በስድስት ተራ ይከፈላል ማለት ነው። ነገር ግን ስድስት ለሦስት ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ያለው ከባዱ ተራ ዕለት ዕለት በአንድ ወገን ላይ ብቻ በወደቀ ነበር። ይህ እንዳይሆን መርከበኞች ከቀኑ ዐሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ያለውን ተራ ለሁለት ይከፍሉታል። ተራው ሰባት ይሆናል፤ ሰባትም ለሦስት እኩል ስለማይካፈል የየወገኑ ሰዓት በየቀኑ ይዛወራል። ዛሬ በእኩለ ሌሊት የቆመ ነገ በሌላ ሰዓት ይቆማል። ሰውን በሥራ ላይ የምናሰማራ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ትንሽ ሒሳብ ብንመለከተው ብዙ ይጠቅመናል። ምንም ምክር ሳይሰጥ፣ ማንም ሳይለመን፣ የሰዓቱ አከፋፈል ብቻ አድልዎን ያስቀራል።

ጊዜው የሚታወቀው በደወል ነው። ተራው በተጀመረ በግማሽ ሰዓት አንድ ጊዜ ይደወላል፤ በየግማሽ ሰዓቱም አንድ አንድ እየተጨመረ ስምንት ሲሞላ ተራው ይለወጣል። በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ላደገ ሰው በደወል መነሣትና በደወል መተኛት አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ልዩነት አለው። በትምህርት ቤት ደወሉን ቸል ያለ ልጅ ቅጣቱን ራሱ ይቀበላል። በመርከብ ላይ ግን ቸል ያለው ልጅ የሚጐዳው ባልደረባውን ነው፤ ተተኪው እስኪመጣ ድረስ ያ የደከመው ልጅ ከስፍራው መልቀቅ አይችልምና።

ተረኞቹ ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዱ ኮምፓሱን እየተመለከተ መሪውን ይይዛል። አንዱ ከመርከቡ አፍንጫ ቆሞ በጨለማው ውስጥ ብርሃን ወይም ሌላ መርከብ ያየ እንደ ሆነ በከፍተኛ ድምፅ ያስታውቃል። አንዱ የመርከቡን ውስጥ እየዞረ እሳት እንዳይነሣና ውኃ እንዳይገባ ይመረምራል። ሌላው ደግሞ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የአየሩን ግፊትና የመርከቡን ፍጥነት በመዝገብ ላይ ያሰፍራል። በዚህ መዝገብ ላይ ያላዩትን መጻፍ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተረኛ መንገዱን የሚለካው በተጻፈው ቍጥር ነውና። ከዐሥራ ስድስት ወይም ከዐሥራ ሰባት ዓመት የማይበልጠው ልጅ ሌሊት መሪውን ሲጨብጥ፣ ከበታቹ ተኝተው ያሉት ሁሉ በእርሱ ላይ ተማምነው እንደ ተኙ ያውቃል። እንዲህ ያለውን አደራ በየብስ ላይ ያን ለሚያህል ልጅ የሚሰጥ ማን ነው?

ሲነጋ የመርከቡ ወለል በባሕር ውኃ ይታጠባል። ይህም የሚደረገው ለንጽሕና ብቻ አይደለም። የጨው ውኃ የወለሉ ሳንቃ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ፣ ቶሎም እንዳይበሰብስ ይረዳል፤ ደግሞም የሚጠጣው ውኃ ውድ ነው። ባሕር ላይ ሆኖ ውኃ መቈጠብ ለአዲስ ተማሪ እንግዳ ነገር ይሆንበታል፤ ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሲሆን ለገላው የሚፈቀድለት ጥቂት ነውና። ከዚያ ነሐሱ ይወለወላል፣ ገመዱ ይጠቀለላል፣ የተቀደደ ሸራ ይሰፋል። የወጥ ቤት ሥራም በተራ ነው፤ የሚኒስትር ልጅም የገበሬ ልጅም ድንች ይልጣል፣ ሳሕን ያጥባል። በ‹ዳንማርክ› ላይ ተማሪዎቹ የሚተኙት ከጣራ በተንጠለጠለ የሸራ መኝታ ላይ ነው፤ ጠዋት ተጠቅልሎ ሲነሣ ስፍራው ለሌላ ሥራ ይለቀቃል። የአንድ ሰው ንብረት ሁሉ በአንዲት ጠባብ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ዕቃውን በየቦታው መጣል የለመደ ልጅ፣ መርከቡ በማዕበል ባጋደለ ጊዜ ዕቃው ሲበር ያይና ያለ ተቈጪ ይታረማል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለብዙዎቹ መከራ ናቸው። የባሕር ሕመም የሚይዘው ደካማውን ብቻ አይደለም፤ ብርቱውንም ይጥለዋል። የቈዩት መርከበኞች ደረቅ ዳቦ እንዲቀምስ፣ ዓይኑንም ሰማይና ባሕር ከሚገናኙበት መስመር ላይ እንዲያሳርፍ ይመክሩታል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ሥራ ይሰጡታል። ቀጥሎም ምሰሶውን መውጣት ይመጣል። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ምሰሶው ከ30 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የደኅንነት ቀበቶ ታጥቀው በገመድ መሰላል ይወጡና ሸራውን ያስራሉ ወይም ይፈታሉ። የመርከበኞች የቈየ ደንብ ‹አንድ እጅ ለመርከቡ፣ አንድ እጅ ለራስ› የሚል ነው፤ ሥራን ሲሠሩ ነፍስን መዘንጋት፣ ነፍስን ሲጠብቁም ሥራን መተው ሁለቱም አይፈቀድም። ታላቁን ሸራ ለመሳብ ደግሞ የአንድ ጐበዝ ጕልበት ከንቱ ነው። ዐሥራ አምስትና ሃያ ሆነው በአንድ ድምፅ፣ በአንድ እርምጃ ሲስቡ ግን ያ ከባድ ሸራ ይወጣል። አባቶቻችን ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› ያሉት በዚያ ገመድ ላይ ጐልቶ ይታያል።

እዚህ ላይ ወላጆች ‹ልጄ ቢሰጥምስ?› ብለው ቢጠይቁ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በመስከረም ወር 1957 ‹ፓሚር› የተባለችው የጀርመን የሸራ መርከብ ወጣት ተማሪዎችን ይዛ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ስትጓዝ ከታላቅ ማዕበል ጋር ተገናኘች። የጫነችው ገብስ በአግባቡ ስላልታሰረ ወደ አንድ ወገን ተንሸራተተ፤ መርከቢቱም ተገለበጠች። ከነበሩባት 86 ሰዎች የዳኑት 6 ብቻ ናቸው። ይህን የምናነሣው ልጆችን ከባሕር ለማስፈራራት አይደለም። በመርከብ ላይ ጥቃቅን የሚመስለው ደንብ ሁሉ፣ የዕቃ አስተሳሰርም ሆነ የመዝገብ አጻጻፍ፣ ከሕይወት ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስ። ኢትዮጵያ የወጣቶች የሸራ መርከብ ባይኖራትም፣ ወጣቶቿን በባሕር ላይ የምታስተምርበት መርከብ ግን ነበራት። ባሕር ኃይላችን በ1955 ሲመሠረት ዋና ጣቢያው በትግርኛ ባጽዕ የምንላት ምጽዋ ነበረች፤ ከሚያደራጁት የውጭ አገር መኮንኖች መካከል የሸራ መርከብ ትምህርትን ካላቋረጠችው ከኖርዌይ የመጡ ነበሩባቸው። በጥር ወር 1962 አሜሪካ ‹ኦርካ› የተባለችውን መርከብ ሰጠችና ስሟ ‹ኢትዮጵያ› ተባለ። ይህች መርከብ በ1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት የገባች፣ ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል የሆነ፣ በሞተር የምትሄድ ነበረች። በአስመራው የባሕር ኃይል ኮሌጅ የከዋክብትንና የካርታን ትምህርት በጥቍር ሰሌዳ ላይ ያዩት ዕጩ መኮንኖች፣ ትምህርታቸውን በባሕር ላይ የሚፈትኑት በእርስዋ ነበር። ከደጋ ተወልደው፣ ከወንዝ በቀር ውኃ ሳያዩ ያደጉ ልጆች በተራ ቆመው መሪ ያዙ፣ መዝገብ ጻፉ፣ በደወል ተነሡ። በየዓመቱ በጥር ወር በምጽዋ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የሌሎች አገሮች መርከቦችም ይመጡ ነበር።

የዚያች መርከብ ፍጻሜ ግን የሚያሳዝን ነው። በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃ ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993ም ለብረትነት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር ሆነች። የቀሩት የጦር መርከቦች ወደዚህ ወደ ጂቡቲ መጥተው ለጥቂት ዓመታት ቈዩ፤ የወደብ ክፍያቸው ሳይከፈል በመቅረቱ ግን ተያዙና በመስከረም ወር 1996 በሐራጅ ቀረቡ። ባሕር ኃይሉም በዚያው ዓመት ፈረሰ። ከሄሮን ጥቂት ርቆ በሚገኘው ወደብ የተጠናቀቀው ይህ ነገር የብረት ሽያጭ ብቻ አልነበረም፤ አርባ ዓመት የተለፋበት ትምህርት ቤትም አብሮ ተዘጋ።

ነገር ግን ትምህርት እንደ ብረት በሐራጅ አይሸጥም። በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ሥራውን አላቋረጠም፤ ወደብ በሌለው አገር ሰንደቅ ዓላማ ሥር መርከቦቹ ‹መቀሌ›፣ ‹ጅግጅጋ›፣ ‹አሶሳ› የሚሉ የከተሞቻችንን ስም ይዘው ተጉዘዋል። በቢሾፍቱ በባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ፣ በጣና ዳርቻም በባሕር ዳር ወጣቶች የመርከብ ሙያ ይማራሉ፤ በባሕር ዳር የሚማሩት ብዙዎቹ በምሕንድስና የተመረቁ ናቸው። ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ በሌሎች አገሮች መርከቦች ላይ ተቀጥረው ወደ ሩቅ ውቅያኖስ ይሄዳሉ። በመጋቢት ወር 2019ም ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈራርማለች።

አማርኛን በማጥናት ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ቋንቋው ራሱ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚመሰክር ብታስተውሉ መልካም ነው። አማርኛ የደጋ ሰዎች ቋንቋ ነው ይባላል፤ ሆኖም መርከብ፣ ወደብ፣ መልሕቅ፣ ማዕበል የሚሉት ቃላት ሁሉ ለአንባቢው የታወቁ ናቸው። የጥንቱ የጠረፍ አገር ገዢ ማዕርግ ባሕር ነጋሽ ይባል ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ካሌብ ሠራዊቱን በመርከብ አሻግሮ ወደ የመን ልኳል፤ የአክሱም ወደብ የነበረችው አዱሊስም በሩቅ አገር ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀች ነበረች። ቃሉ በአፋችን ከቀረ ሙያውም በእጃችን ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ለወላጆችም ለመሥሪያ ቤቶችም የምናሳስበው ይህ ነው። በባሕር የሚተዳደር ሁሉ ባሕር ያለው አገር ሰው አይደለም፤ በተራሮች የተከበበችው ስዊስ እንኳ ከ1941 ጀምሮ በሰንደቅ ዓላማዋ ሥር የንግድ መርከቦች አሠማርታለች። ሐይቆቻችን ለጀማሪ ይበቃሉ። በጣናና በባቦጋያ ላይ ጥቂት ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ቢኖሩ፣ የዐሥራ ስድስት ዓመት ወንድ ወይም ሴት ልጅ ነፋስን ማንበብ፣ ገመድ ማሰር፣ ባልደረባን አለመጠበቅ ነውር መሆኑን ለመማር ውቅያኖስ እስክትደርስ መቈየት አያስፈልጋትም። የመርከብ ሥርዐት ደግሞ ከመርከብ ውጭም ያገለግላል። ከባዱን ተራ በየቀኑ የሚያዛውር አለቃ፣ ያላየውን በመዝገብ የማይጽፍ ጸሐፊ፣ ተተኪው ሳይመጣ ስፍራውን የማይለቅ ዘበኛ በየመሥሪያ ቤታችን ቢገኙ፣ ሸራ አይተው የማያውቁ እንኳ ቢሆኑ መርከበኞች ብለን ልንጠራቸው እንችላለን።

በሄሮን ዳርቻ የሚነፍሰው ነፋስ ዛሬም የጥንቱ ነው፤ በጥቅምት ይመጣል፣ በሚያዝያ ይደክማል። ሸራ የሚዘረጋለት ወጣት ማዘጋጀት ግን የነፋሱ ሥራ ሳይሆን የእኛ ነው።